ድምፁን ወደድንለት፤ ጊዜውንስ ማን ጠበቀለት?



ውድ አንባቢዎች! ይህን ማስታወሻ የምጽፍላችሁ ከራቤል ነው። ራቤል በሰሜን ሸዋ የግሼ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ በግ የሚረባበት፣ የሌሊቱን ብርድ ጋቢ ብቻውን የማይችለው አገር ነው። በደቡባችን መንዝ አለ፤ በሌላው ወገን ወሎ ያዋስነናል። ስለዚህ ብርዱን የምንከላከልበት በርኖስና ባና ከመንዝ፣ ልባችንን የምናሞቅበት መንዙማ ደግሞ ከወሎ ደረሰን ብል የሚቆጣኝ ያለ አይመስለኝም።

እኔ የመድረሳ አስተማሪ ነኝ። ዕድሜዬ አርባን አልፏል። ቁርኣንና ኪታብ ወሎ ሄጄ ቀርቻለሁ፤ የቀለሙን ትምህርት ደግሞ እስከ 12ኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ከዚያ ለምን እንዳልዘለቅሁ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ልጆቻችን ድምፅ ነው፤ ይበልጡን ግን ስለ ጊዜያቸው ነው።

ከመድረሳችን ደረሶች መካከል ድምፀ መልካም የሆኑ 14 ልጆችን ሰብስቤ የመንዙማ ቡድን ያቋቋምኩት ለበጎ ነበር። በመውሊድና በዒድ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲያወድሱ፣ ወጣቱ ከማይረባ ጭፈራ እንዲርቅ፣ የአባቶቻችን ግጥም ከመረሳት እንዲድን አስቤ ነው። ሴቶቹ ልጆች በባለቤቴ መሪነት ለብቻቸው ይለማመዱና በሴቶች መካከል ያዜሙ ነበር። ዑለሞቻችን በድቤውና በአንዳንድ ነገሩ ላይ ያላቸውን የሐሳብ ልዩነት እዚህ አላነሣም፤ እርሱን ለባለቤቶቹ ትቼዋለሁ። የእኔ ነገር ሌላ ነው።

እነዚህ ልጆች እነማን ነበሩ? አውራጁ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን ከትምህርት መልስ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ ይተክላል፣ ጠርዝ ይሰፋል። አባቱ ከሞተ ወዲህ የቤቱን ጨውና ዘይት የሚሸፍነው ይኸው ሥራ ነው። ድቤ መቺው በገበያ ቀን ከመኪና እህል ያወርዳል። ከተቀባዮቹ መካከል ሁለት ወንድማማቾች ማለዳ በጎቹን አሰማርተው ነው ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጡት። አንዱ የአባቱን ሱቅ ይጠብቃል። ከሴቶቹ በድምፅ የሚስተካከላት የሌለችው ልጅ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ለእናቷ የበግ ጠጉር ፈትላ ስታበቃ ነው ደብተሯን የምትገልጠው። በዚህ ሁሉ ላይ መድረሳ አለ፤ በመድረሳው ላይ ደግሞ መንዙማ አለ። አንድ ልጅ አራት አዛዥ አለው ማለት ነው። አራቱም አዛዦች ግን ተገናኝተው ተመካክረው አያውቁም።

ነገሩ የሚከፋው በሠርግ ወራት ነው። ገበሬው አዝመራውን ሰብስቦ እፎይ ሲል፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ኒካሑ ይበዛል። ረመዷን ደግሞ እንደምታውቁት በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ 28 የገባው ጾም በ2015 ዓ.ም. መጋቢት 14 ገብቷል። ስለዚህ ባለ ሠርጉ ሁሉ «ጾሙ ሳይደርስብን» እያለ ይጣደፋል። የሚጣደፉበት ጥር ግን ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ፈተና የሚሰጡበት ወቅት ነው። ሠርጉና ፈተናው አንድ ሳምንት ላይ ይወድቃሉ። ይህን ሒሳብ ማስላት የልጆቹ ፈንታ አልነበረም። የእኛ የታላላቆቹ ነበር።

ጥር 2015 ዓ.ም. ነው። በወሎ ወሰን በኩል ካለች አንዲት መንደር ለሠርግ ተጠራን። በአይሱዙ ተጭነን ሄድን። አውራጁ ልጅ በማግስቱ የሒሳብ ፈተና እንዳለበት ነግሮኛል። እኔም «ከኢሻ በኋላ አንድ ሁለት ብለን እንመለሳለን» ብዬዋለሁ።

ዳሱ ሞልቶ ነበር። ልጁ ድምፁን ሲለቀው ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ልንነሣ ስንል የሙሽራው አባት እጄን ይዘው፣ «ኡስታዝ፣ ዛሬን ብቻ! ይህን ልጅ አንድ ጊዜ ካላስደገሙልንማ ሠርግም አልደገስን» አሉኝ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። የእኔ ደረሳ ነዋ! አንዴ ተባለ፣ ሁለቴ ተባለ፤ በመካከሉ ሾፌሩ ሄዶ ተኛ። ሱብሒን እዚያው ሰግደን፣ ፀሐይ ስትወጣ ራቤል ገባን። ልጁ ፊቱን በዚያ በሚቆረጥም ውኃ ታጥቦ፣ ደብተሩን ሳይገልጥ ወደ ፈተናው ሮጠ።

የሆነውን የሰማሁት ከእናቱ ነው። ስሙን ጽፎ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብቦ፣ ወረቀቱ ላይ ደፋ ብሎ እንቅልፍ ወሰደው። ፈታኙ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ መስሎት ነበር፤ ቀርቦ ሲቀሰቅሰው ሰዓቱ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። እናቱ ከዙህር በኋላ እንዝርቷን እንደያዘች መጥታ መድረሳው በር ላይ ቆመች። አልጮኸችብኝም። «ኡስታዝ፣ ልጄን ለዲን ብዬ ሰጠሁዎ፤ ለሠርግ አልሰጠሁዎም። አባት የለውም፤ እርስዎን ነው እንደ አባት የሚያይ» አለችኝና ሄደች። የምመልሰው አልነበረኝም።

ማታ ልጁ ራሱ መጣ። «አውፍ ይበሉኝ ኡስታዝ፤ አሳፈርኩዎ» አለኝ። ይህን ጊዜ ይባስ ቆሰልኩ። የተበደለው ይቅርታ ለማኝ፣ የበደለው ይቅር ባይ ሆኖ ተቀመጠ!

በዚያው በጥር ወር የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ተነግሮ ነበር። በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት መካከል ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ሁላችንም ሰማን። ከ100 ልጆች 3ቱ ብቻ እንደምን ያለ ጠባብ በር አልፈዋል! እኛ ደግሞ በዚህ በር ለማለፍ የሚጋፋውን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ «ድገም» እንለዋለን።

ውድ አንባቢዎች፣ ቀደም ብዬ ያቆየሁትን የራሴን ጉዳይ አሁን ልናገር። እኔም በወጣትነቴ አውራጅ ነበርኩ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መንዙማና ነሺዳ በካሴት እየተቀዳ በየሱቁ መሰማት በጀመረበት ዘመን ያደግሁ ነኝ። የሼህ ሙሐመድ አወል ሐምዛን ድምፅ በቴፕ እየሰማሁ፣ ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቼ መልሼ እየከተትኩ ነው ዜማ የለመድኩት። ማትሪክ በተፈተንኩበት ዓመት መውሊዱም ሠርጉም አላመለጠኝም። ውጤቱ ሲመጣ ነጥቡ አልሞላም። ድምፄን የሚያመሰግኑኝ ብዙ ነበሩ፤ «ትምህርትህስ እንዴት ሆነ?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አላስታውስም። አልሐምዱሊላህ፣ አላህ የመድረሳውን በር ከፈተልኝ፤ አላማርርም። ይሁን እንጂ እኔ የወደቅሁበትን ጉድጓድ እያወቅሁ በደረሳዬ ላይ ደገምኩት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ግን እባቡን አይቼ የሰው ልጅ እጅ ወደ ጉድጓዱ ሰደድኩ።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት «መንዙማው ይቅር» ብዬ ነበር። ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ግን ጥፋቱ የመንዙማው እንዳልሆነ ገባኝ። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና ልትከበብ ስትል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከሶሐቦቻቸው ጋር ኸንደቁን ሲቆፍሩ፣ በብርድና በረሀብ ውስጥ አፈር እየተሸከሙ ግጥም ያዜሙ ነበር። ግጥሙ የዐብደላህ ኢብን ረዋሓ ነው። እኒህ ሶሐባም ባለ ግጥም ብቻ አልነበሩም፤ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በሙእታ ጦር እየመሩ ሸሂድ ሆነዋል። ልብ በሉ! ያ ዜማ ሥራ አላስፈታም፤ የዶማውን ክብደት አቀለለ እንጂ።

የአገራችንም መንዙማ ከዚህ የራቀ አይደለም። ሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ የመሠረቷትን ጀማ ንጉሥንም ሆነ ዳናን ብንመለከት፣ እነዚህ የወሎ ሐድራዎች የዒልም ቤቶችም ነበሩ። ደረሳው ኪታብ ይቀራል፣ ለሸይኹ ያርሳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ ዱዓውና መንዙማው በጊዜው ይመጣል። ሸይኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈርን እንውሰድ። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በሙስሊሙ ላይ የመጣውን መከራ ከተቋቋሙት ዑለሞች አንዱ ናቸው። እኒህ ዓሊም በዐጀም፣ ማለትም አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ መንዙማ ደርሰዋል። በእንዲህ ያለው ግጥም ፊደል ያልቆጠረው ገበሬና እረኛ ሁሉ ዲኑን በጆሮው ይማር ነበር። እንግዲህ መንዙማ የዒልም ልጅ ነው። ትምህርት የሚበላ መንዙማ እናቱን የሚበላ ልጅ ነው።

አንድ ሐዲሥ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ገሠጸኝ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከኸይበር ዘመቻ ሲመለሱ ሌሊቱ ገፋ፣ ሰዉም ደከመ። ሊያርፉ ወረዱና ጎህ ሲቀድ እንዲቀሰቅሳቸው ቢላልን አዘዙት። ቢላልም የቻለውን ያህል ሰገደ፤ ከዚያ ፊቱን ጎህ ወደሚቀድበት አቅጣጫ አድርጎ ግመሉን ተደገፈ፤ እንቅልፍም ጣለው። ሁሉንም የቀሰቀሳቸው የፀሐይ ሙቀት ነው። ቢላል ሲጠየቅ እርሳቸውን የያዛቸው እንቅልፍ እርሱንም እንደያዘው ተናገረ። አልተዘለፈም፣ አልተቀጣም። ከዚያ ቦታ ተነሥተው ሄዱና ዉዱእ አድርገው ሶላታቸውን ሰገዱ።

ይህን ሐዲሥ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ነገር ግን ያ በፈተና ወረቀቱ ላይ የተኛው ልጅ እስኪመጣ ድረስ በውስጡ ያለው አልታየኝም ነበር። ድምፁ የተመረጠለት ቢላል እንኳ የደከመ ሥጋ ነበረው። ደግሞም ቢላል ሥራው አዛን ብቻ አልነበረም፤ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የወጪ ጉዳይ በአደራ የሚያስተዳድረው እርሱ ነበር። እኛ ግን የአንድን ልጅ ድምፅ ስንወድ፣ ከድምፁ በስተጀርባ እግርና ዓይን፣ ፈተናና ሥራ፣ እናትም ያለው መሆኑን እንረሳለን።

ስለዚህ አንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ወላጆችን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ባለ ሱቁንና ልጆቹን አንድ ላይ ሰበሰብኩ። ጥፋቴን በሁሉም ፊት ተናገርኩ። ከዚያም የሰልማንና የአቡ ደርዳእን ታሪክ አነሣሁላቸው። ሰልማን ወዳጃቸው አቡ ደርዳእ ቀን በጾም፣ ሌሊት በሶላት ብቻ ተጠምደው ቤተሰባቸውን እንደዘነጉ ባዩ ጊዜ፣ ጌታችንም፣ ነፍሳችንም፣ ቤተሰባችንም በእኛ ላይ ሐቅ እንዳላቸውና ለእያንዳንዱ ባለ ሐቅ ሐቁን መስጠት እንደሚገባ መከሯቸው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) የሰልማንን ነገር እውነት አሉት። ለሌሊት ሶላት እንኳ ወሰን ከተደረገለት፣ ለሠርግ ሌሊትማ እንዴት ወሰን አይደረግለት?

ተመካክረን የቆረጥነው እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ ጥሪ አንቀበልም፤ የማንም ሠርግ ቢሆን፣ የእኔ የራሴ ወንድም ቢሆን።

ሁለተኛ፣ በማግስቱ ትምህርት ካለ ማታ አንወጣም። በሌላው ቀን ብንወጣም ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንነሣለን። የጠራን ሰው የመመለሻውን መኪና አስቀድሞ ያዘጋጃል።

ሦስተኛ፣ ልምምድ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ከዜማው በፊት አንድ ሰዓት ጥናት ይሆናል፤ ከፍ ያለው ክፍል ዝቅ ያለውን ያስጠናል። የቤት ሥራውን ያልጨረሰ ቁጭ ብሎ ይሠራል እንጂ አይቀበልም።

አራተኛ፣ አውራጅ አንድ ልጅ ብቻ አይሆንም፤ ሦስት ሆነው ይፈራረቃሉ። አንድ ድምፅ ላይ ሁሉን መጫን ድምፁንም ልጁንም ይሰብራል።

አምስተኛ፣ በሠርግ የሚሰጠን ስጦታ ድሮ ለሞንታርቦ መግዣ ይጠራቀም ነበር። አሁን መጀመሪያ የቀን ሥራው ለተጓደለበት ልጅ ይሰጣል፤ የተረፈው ደብተርና እስክርቢቶ ይገዛበታል።

ስለ ሴቶቹ ደግሞ ባለቤቴ አንድ ነገር አስጨመረች፤ ልምምድ ባለበት ቀን ውኃውን የሚቀዳው ወንድም ይሆናል ብላ። አንዳንድ አባቶች ሳቁ። ከእነዚያ ወንድሞች አንዱ ግን በማግስቱ ጀሪካኑን ተሸክሞ ሲሄድ አየሁት።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልሆነም። «መድረሳው ኮራ» ያሉን አሉ። የቀሩብን ጥሪዎችም አሉ። አንድ የማከብራቸው አዛውንት ለልጃቸው ሠርግ በፈተና ሳምንት ጠርተውን እንቢ ብንላቸው ለወራት ሰላምታዬን በአጭሩ ይመልሱልኝ ነበር። ዘግይተው ግን የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጥተው «ይህንንም ከእነዚያ ጋር አስጠናልኝ» አሉኝ።

ያ ልጅስ? ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊውን ፈተና ተፈተነ፤ ግማሽ ነጥብ አልደረሰም። በዚያ ዓመትም በአገሪቱ ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸውና ያቺ አንዲት ሌሊት ብቻ ጣለችው አልልም። የሌሎቹ ጉድለቶች ባለቤቶች ሌሎች ይሆናሉ። ያቺ ሌሊት ግን የእኔ ናት፤ በቂያማ ቀን የምጠየቅባት እኔ ነኝ። እርሱ አሁን የራሱ የስፌት መኪና አለው፤ እናቱን ያስተዳድራል፤ ማታ ማታ ኪታብ ይቀራል። መንዙማውንም አልተወም። ባለፈው ሰሞን አንድ ሠርግ ላይ 4 ሰዓት ሲሆን አንድ አባት እጁን ይዘው «አንዴ ድገምልን» አሉት። ልጁ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመና፣ «አባባ፣ ልጆቹ ነገ ጥናት አለባቸው፤ ዱዓ ያድርጉልን» ብሎ ተነሣ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ያላገኘሁትን፣ በኋላም መምህር ሆኜ ያጣሁትን ቃል እርሱ አገኘው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በብዙ ቦታ ትምህርት መቋረጡን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብላቴናው ክፍል የሚገባበት ቀን እንዲህ በተቆጠረበት ዘመን፣ የተገኘችውን ቀን በእኛ ድግስ ምክንያት በእንቅልፍ እንዲያሳልፋት ማድረግ ግፍ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ዐስር በጊዜ የማለው በከንቱ አይደለም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ መንዙማ ወይም ነሺዳ ሲወድ አትከልክሉት፤ ነገር ግን ለአስተማሪው ከሰጣችሁት በኋላ ዝም አትበሉ። ያች እናት በር ላይ ባትቆም ኖሮ እኔ እስከ ዛሬ ባልነቃሁ። ድግስ ያላችሁ ሰዎች ሆይ፣ ልጁን «ድገም» ከማለታችሁ በፊት «ነገ ምን አለብህ?» በሉት። ወጣቶች ሆይ፣ ድምፃችሁ አማና ነው፤ አእምሯችሁም አማና ነው፤ አንዱን አማና ለመጠበቅ ሌላውን አትጣሉ። እኔን የመሰለ አስተማሪ ቢያጋጥማችሁም በአደብ «ኡስታዝ፣ ፈተና አለብኝ» ለማለት አትፈሩ። ሁለተኛ ጊዜም በሉት። አንዴ የተነገረው አስተማሪ በደስታ ብዛት ይረሳል።

ያ አላህ! የልጆቻችንን ድምፅ ለውዳሴ፣ ልባቸውን ለዒልም፣ እጃቸውን ለሐላል ሪዝቅ አድርግልን። እኛንም አደራቸውን የምንጠብቅ አድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።